ግዙፍ አጥቂ ጨዋታ ማቀጣጠል አይችልም?

ጥያቄው፦ «የምኖረው እዚሁ ሐዋሳ ነው። የእህቴ ልጅ ካናዳ፣ ኤድመንተን ተወልዶ ያደገ ነው። ዕድሜው ገና 14 ቢሆንም ቁመቱ 1.85 ሜትር ደርሷል፤ ሰውነቱም ደልደል ያለ ነው። አይስ ሆኪ ይጫወታል። ክረምቱን እኛ ጋ አሳልፎ በቅርቡ ተመለሰ። አሠልጣኙ ሁልጊዜ ‹አንተ ግዙፍ ነህ፤ ጎሉ ፊት ቁም፣ ግፋ፣ ምታ፤ ማቀበሉን ለትንንሾቹ ተው› ይለዋል። ልጁ ግን ደስ የሚለው ማቀበል ነው። እዚህ ከሰፈር ልጆች ጋር ቅርጫት ኳስ ሲጫወትም ያው ሆነ፤ ‹ረጅሙ፣ ቅርጫቱ ሥር ቁም› አሉት። ሊሄድ ሲል ‹አጎቴ፣ ሆኪውን ልተወው መሰለኝ› አለኝ። እኔ ሆኪ አላውቅም። አሠልጣኙ ልክ ነው? ግዙፍ ተጫዋች ማቀበል ላይ ደካማ ነው የሚባለው እውነት ነው? ምን ልበለው?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። እውነት አይደለም። ትልቅ ሰውነት ማቀበልን አይከለክልም። ለማቀበል ከሚያስፈልጉት ነገሮች በጣም ውድ የሆነውን የሚሰጠውም ራሱ ሰውነቱ ነው። እንዴት እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ። መልሴ ረዘም ይላል፤ ታገሰኝ። አንድ ልጅ የሚወደውን ነገር እንዳይተው ማድረግ ከተቻለ ቢረዝምም አይቆጨኝም።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ ታዳጊዎችን ቅርጫት ኳስና እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። የተማርኩት ስፖርት ሳይንስ ነው። ከሆኪ ጋር የተዋወቅሁት ለትምህርት ውጭ አገር በነበርኩ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ መከታተል አላቆምኩም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን አይተው ለማያውቁ ትንሽ ልበል። ሜዳው በረዶ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ 61 ሜትር በ26 ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያው በግድግዳ ታጥሯል። በአንድ ወገን በረኛውን ጨምሮ 6 ሰው ይሰለፋል። የሚጫወቱት ፑክ በሚባል ከጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው፤ የሚገፉትና የሚመቱትም እያንዳንዱ በሚይዘው ረጅም ዱላ ነው። በትከሻና በሰውነት መግጨት በሕጉ ይፈቀዳል። ጎሉ የሜዳው ጫፍ ላይ አይደለም፤ ከጀርባው መጫወቻ ቦታ አለ። አንድ ጎል ሲቆጠር ከአግቢው ሌላ ፑኩን አመቻችተው ላቀበሉ እስከ ሁለት ተጫዋቾች አሲስት ይመዘገባል። በነጥብ አቆጣጠር ጎልና አሲስት እኩል ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ በሆኪ ማቀበል እንደ ማግባት ነው የሚቆጠረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጥሩ አድርጎ ለማቀበል ዓይን ያስፈልጋል፤ እጅ ያስፈልጋል፤ ጊዜም ያስፈልጋል። ስለ ዓይንና ስለ እጅ ሁሉም ያወራል። ጊዜውን ግን ይረሱታል። ጓደኛህ ነፃ ቦታ ላይ እስኪደርስ ድረስ ፑኩን አንተ ጋ ማቆየት አለብህ። ግማሽ ሰከንድ ቀድመህ ከለቀቅኸው ጓደኛህ አልደረሰም። ግማሽ ሰከንድ ብትዘገይ ተከላካዩ ይዘጋዋል። የሚገፋህ፣ በዱላው የሚመታህ፣ ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቅህ ሰው እያለ ያቺን ግማሽ ሰከንድ ማግኘት ነው ከባዱ ሥራ።

ዌይን ግሬትስኪን እንይ። የእህትህ ልጅ ከተማ ቡድን በሆነው በኤድመንተን ኦይለርስ ነው ስሙን የተከለው። በሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ (ኤንኤችኤል) ታሪክ 1,963 አሲስት አለው። ሌላ ማንም ተጫዋች ጎሉንና አሲስቱን ደምሮ እንኳ እዚህ ቁጥር ላይ አልደረሰም። ግሬትስኪ በሆኪ ሰው ሚዛን ሲታይ ቀጭን ነበር። ታዲያ ያቺን ጊዜ ከየት አመጣት? ከጎሉ ጀርባ። እዚያ ይቆማል። ተከላካይ በቀኝ ከመጣበት በግራ ይወጣል፤ በግራ ከመጣበት በቀኝ። ጎሉ ራሱ ይከልለዋል። ቦታው የግሬትስኪ ቢሮ እስከመባል ደረሰ። እንግዲህ አስብ፤ ቀጭኑ ሰው የሚከልለው ነገር ፍለጋ ጎሉ ጀርባ መሄድ ነበረበት። ግዙፉ ሰው ግን መከለያው ጀርባው ነው፤ የትም ቦታ ይዞት ይሄዳል። ተከላካዩን በጀርባው ይዞ፣ ረጅም እጁን ዘርግቶ፣ ፑኩን ማንም ከማይደርስበት ቦታ ላይ ያቆየዋል። ጓደኛው እስኪደርስ ይጠብቃል። ከዚያ ይሰጠዋል።

ይህን ከማንም በላይ ያሳየው ጆ ቶርንተን ነው። ቁመቱ 1.93 ሜትር፣ ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ። በ1997 የሊጉ ቡድኖች አዳዲስ ታዳጊዎችን ተራ በተራ ሲመርጡ፣ ቦስተን ከሁሉ አስቀድሞ አንደኛ አድርጎ መረጠው። ያን ሰውነት ያየ ሁሉ የሚጠብቀው ጎል ፊት የሚገፋ፣ የሚማታ፣ የሚያገባ አጥቂ ነበር። ቶርንተን ግን አቀባይ ነበር። በተጫወተበት ዘመን ሁሉ ደጋፊው «ምታው እንጂ!» እያለ ሲጮህበት ኖሯል። በኅዳር 2005፣ የውድድር ዓመቱ ተጀምሮ ሳለ፣ ቦስተን ወደ ሳን ሆዜ አዛወረው። ዓመቱን በ29 ጎልና በ96 አሲስት፣ በድምሩ በ125 ነጥብ ጨረሰ። የሊጉ ከፍተኛ ነጥብ አስመዝጋቢም፣ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋችም ሆነ። በአንድ ዓመት ለሁለት ቡድን ተጫውቶ ሁለቱን ክብር የወሰደ ከሱ በፊት አልነበረም። ጨዋታ ሲያቆም 430 ጎልና 1,109 አሲስት ነበረው።

እኔን ግን ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ የሚገርመኝ የጎረቤቱ ነገር ነው። ሳን ሆዜ ላይ በክንፍ በኩል አብሮት የሚጫወት ጆናታን ቺቹ የሚባል አጥቂ ነበር። ቶርንተን ከመምጣቱ በፊት በአንድ ዓመት ያገባው ከፍተኛ የጎል ብዛት 28 ነው። ቶርንተን በመጣበት ዓመት 56 አገባ፤ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ልክ እጥፍ ማለት ነው። ቶርንተን ያንን «ምታው!» የሚለውን ጩኸት ሰምቶ ቢሆን ኖሮ ምናልባት በዓመት አሥር ጎል ይጨምር ነበር። ቺቹ ግን አይኖርም ነበር። ራያን ጌትዝላፍም እንዲሁ ነው። 1.93 ሜትር የሆነ ግዙፍ ሰው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ለአናሃይም ተጫውቶ 282 ጎልና 737 አሲስት አስመዘገበ። ከሱ ጎን ይጫወት የነበረው ኮሪ ፔሪ በ2010–11 ዓመት 50 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ጥሩ አቀባይ በራሱ ስም ከሚጻፈው ይልቅ አጠገቡ ባለው ሰው ስም በሚጻፈው ይታወቃል። አሠልጣኝም ሲመዝነው ይህን ማየት አለበት።

ማሪዮ ለሚዩ 1.93 ሜትር ነው፤ በ1988–89 ዓመት 85 ጎልና 114 አሲስት አስመዘገበ። ቼካዊው ያሮሚር ያግር 1.91 ነው፤ 766 ጎልና 1,155 አሲስት አለው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ መስመር ማለፌ ለሆኪ ወዳጆች ደፋርነት ነው። ግን ለልጁ ከነሱ የሚቀርብ ሰው አለና ወደሱ ልሂድ።

እሱም ጃሮም ኢጊንላ ነው። የተወለደው ኤድመንተን ነው፤ ያደገው አጠገቧ ባለችው ሴንት አልበርት። አባቱ ናይጄሪያዊ ነው። ስለ ግዙፍ ገፊ አጥቂ ሲወራ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚነሳው የሱ ስም ነው። ይገፋል፣ ይጋጫል፣ ሲያስፈልግ ይደባደባል፣ ያገባል። 625 ጎል አለው። አሲስቱ ስንት ነው? 675። ከጎሉ ይበልጣል። ይህን ሰው «ገፊ» ብለው ሲጠሩት የኖሩ ሰዎች ከጎሉ ይልቅ ማቀበሉ እንደሚበዛ ብትነግራቸው ብዙዎቹ ይገረማሉ።

በየካቲት 2010 ቫንኩቨር ላይ በኦሊምፒክ ፍጻሜ ካናዳና አሜሪካ 2 ለ 2 ሆነው ወደ ተጨማሪ ሰዓት ገቡ። ጎል ያገባ ያሸንፋል። ኢጊንላ ጥግ ላይ፣ ግድግዳው ሥር፣ ፑኩን ይዟል። አሜሪካዊው ተከላካይ ተጭኖታል። ሲድኒ ክሮዝቢ «ኢጊ!» እያለ እየጮኸ ወደ ጎሉ ገሠገሠ። ኢጊንላ እየወደቀ ነበር። እየወደቀ ሳለ ፑኩን ሰጠው። ክሮዝቢ በበረኛው እግሮች መሀል አገባው። ካናዳ ውስጥ ያንን ጎል የማያውቅ ሰው አይገኝም፤ የክሮዝቢ ጎል ይሉታል። እኔ ደጋግሜ የማየው ግን ከሱ በፊት ያለውን ነው። እስቲ አስበው፤ ያንን ማቀበል ቀጭን ተጫዋች ሊሠራው ይችል ነበር? በዚያ ግፊት ሥር ያን ያህል ጊዜ በእግሩ መቆየት ነበረበት። ጉልበቱ ነው ለዓይኑ ጊዜ የገዛለት። ለእህትህ ልጅ ይህን ቪዲዮ ላክለትና «ክሮዝቢን ተወው፣ ኢጊንላን እይ» በለው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ሐሜቱ ከየት መጣ? እኔ እንደሚገባኝ ሥሩ ያለው ትልልቆቹ ሊግ ውስጥ አይደለም። ልጅነት ላይ ነው፤ ያውም በትክክል የእህትህ ልጅ አሁን ባለበት ዕድሜ ላይ።

ካናዳ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ 11ና 12 ዓመት ያሉ ልጆች በሰውነት እንዳይገጫጩ ተከልክሏል። ፉክክሩ ጠንከር ባለበት ደረጃ መግጨት የሚፈቀደው ከ13ና ከ14 ዓመት እርከን ጀምሮ ነው። በሌላ በኩል ወንዶች ልጆች በጣም ቶሎ ቶሎ የሚረዝሙት በአማካይ 13 ተኩልና 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ይረዝማል፣ ሌላው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ። እንግዲህ ሁለቱን ደምር። መግጨት በተፈቀደበት ዓመት ላይ አንዱ ልጅ የጎልማሳ ቁመት ይዟል፤ ሌላው ገና ሕፃን ነው። አሠልጣኙ የሚያየው ምንድነው? ይህን ልጅ ጎሉ ፊት ካቆምኩት ማንም አያነቃንቀውም፤ ቅዳሜ እናሸንፋለን። እውነቱን ነው፤ ያሸንፋሉ። ልጁም ይጨበጨብለታል። ግን ያን ዓመት ሙሉ ፑኩ እሱ ጋ ሲደርስ ሥራው መምታት ብቻ ይሆናል። ዞር ብሎ ማየት፣ ማቆየት፣ ማሳሳት፣ መስጠት፣ እነዚህን ትንንሾቹ ይለማመዱታል፤ በጉልበት ስለማይችሉ ግድ ይላቸዋል።

17 ዓመት ላይ ሁሉም ይረዝማል። ያኔ ግዙፉ ልጅ ጉልበቱ እንደ ሌላው ይሆናል፤ ማቀበሉን ደግሞ አልተማረም። አሠልጣኙ ያየውና «አላልኳችሁም? ግዙፎች ማቀበል አይችሉም» ይላል። ሲከለክሉት ቆይተው አልቻለም ማለት ነው። እኔ እዚህ ከተማ ቅርጫት ኳስ ላይ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ቶሎ የረዘሙ ልጆች ቅርጫቱ ሥር ተተክለው ያድጋሉ፤ ኳስ ማንጠር እንኳ አይፈቀድላቸውም። በኋላ እኩያቸው ቁመት ያለው ተከላካይ ሲመጣባቸው እጃቸው ይታሰራል። ሲያዩት ያሳዝናል፤ ጥፋቱ የነሱ አይደለምና።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ልጁ የተወለደው በየትኛው ወር ነው? ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮጀር ባርንስሊ በ1985 ከባልደረቦቹ ጋር እንዳሳየው፣ በትልልቆቹ የሆኪ ሊጎች ውስጥ በጃንዋሪ፣ በፌብሩዋሪና በማርች የተወለዱት ከሌሎቹ በጣም ይበዛሉ። ምክንያቱ የዕድሜ መቁረጫው ጃንዋሪ 1 መሆኑ ነው። በጃንዋሪ የተወለደው በዲሴምበር ከተወለደው የአንድ ዓመት ያህል ታላቅ ሆኖ እኩል ይወዳደራል። አሠልጣኝ «ጎበዝ» የሚለው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተወለደውን ነው። ስለዚህ የአሠልጣኝ ዓይን የዛሬን ሰውነት አይቶ የነገን ተጫዋች ሲፈርድ ደጋግሞ እንደሚሳሳት የታወቀ ነገር ነው።

ሌላም ከባድ ነገር አለ፤ ሳልናገር አላልፍም። የእህትህ ልጅ ግዙፍ ብቻ አይደለም፤ ጥቁር ልጅም ነው። በሰሜን አሜሪካ ስፖርት ውስጥ ጥቁር ተጫዋች ሲመሰገን በጉልበቱና በተፈጥሮው፣ ነጩ ሲመሰገን ደግሞ በአእምሮው የሆነበት ልማድ ቆይቷል። በ1999 የታተመ ጄፍ ስቶንና ባልደረቦቹ የሠሩት አንድ ጥናት አለ። ተማሪዎችን ጎልፍ አስመቱ። ጨዋታው «የስፖርት ብልህነትን ይለካል» ሲባሉ ጥቁሮቹ ውጤታቸው ወረደ። ያው ጨዋታ «የተፈጥሮ ብቃትን ይለካል» ሲባሉ ደግሞ ነጮቹ ወረዱ። ኳሱ ያው፣ ሜዳው ያው፤ የተቀየረው የተነገራቸው ቃል ነው። አሠልጣኙ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰውዬውን አላውቀውም። ነገር ግን «ማቀበሉን ለሌሎቹ ተው» የሚለው ቃል ልጁ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ቀላል እንዳልሆነ እወቅ። ሁለት ሐሜት በአንድ ላይ ነው የተጫነበት። «ልተወው» ያለውም ለዚህ ይመስለኛል። ጨዋታውን አልጠላውም፤ የሰጡትን ቦታ ነው የጠላው።

እኛም እዚህ ከዚህ ነፃ አይደለንም። ጨዋታ አቀጣጣይ ስንል ዓይናችን ላይ የሚመጣው ከዚሁ ከሐዋሳ የወጣው ሽመልስ በቀለ ዓይነት ተጫዋች ነው። ረጅም ልጅ ካየን «ተከላካይ ይሁን» ወይም «በጭንቅላት ያግባ» እንላለን። ፕሪሚየር ሊግ የምታዩ ግን ሃሪ ኬንን ታውቁታላችሁ። 1.88 ሜትር የሆነ ዘጠኝ ቁጥር ነው። በ2020–21 ዓመት በ23 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ፣ በ14 አሲስት ደግሞ ኮከብ አቀባይ ሆነ። የ2024 ባሎን ዶር አሸናፊው ሮድሪ 1.91 ነው። ለሰፈራችሁ የቅርጫት ኳስ ልጆች ደግሞ ስለ ኒኮላ ዮኪች ንገራቸው። 2.11 ሜትር ነው። በ2014 የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጡ 41ኛ ነበር የወጣው፤ ማንም ብዙ አልጠበቀበትም። ከዚያ በ2021፣ በ2022ና በ2024 የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ሆነ፤ በ2023 ዴንቨርን ሻምፒዮን አደረገ። ቡድኑ ሙሉ ጨዋታውን የሚጀምረው ከሱ እጅ ነው። «ረጅሙ፣ ቅርጫቱ ሥር ቁም» ቢሉት ኖሮ ዴንቨር ዋንጫውን ባላየ ነበር።

አሁን ለአሠልጣኙም ፍትሐዊ ልሁን፤ ከሚለው ውስጥ እውነት የሆነም አለ። ረጅም ሰው ረጅም ዱላ ነው የሚይዘው። ፑኩ እግሩ ሥር ሲገባበት ማውጣት ይከብደዋል። በጠባብ ቦታ ለመዞር ከትንሹ ይልቅ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በተለይ በሚረዝምበት ዓመት ቅንጅቱ ይዛባል፤ እጅና እግር ቀድመው ይረዝማሉ፣ አካሉ ገና አልለመዳቸውም። ትናንት ይችለው የነበረውን ዛሬ ሊያበላሽ ይችላል። ያልፋል። ግን አሠልጣኝ ያን ወቅት አይቶ «ይኸው፣ እጁ ደካማ ነው» ብሎ እንዳይደመድም መጠንቀቅ አለበት። ጎል ፊት መቆምም ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚናቅ አይደለም። ካም ኒሊ የሚባል የቦስተን አጥቂ በ1993–94 ዓመት 50ኛ ጎሉን ያገባው በ44ኛ ጨዋታው ነው፤ አብዛኛው እዚያው ጎሉ ፊት በተደረገ ትግል። ስለዚህ ልጁ ጎሉ ፊት መቆምን ይማር። ከዚያ ውጭ ሌላ አትሥራ መባሉን ነው የምቃወመው።

ምን ያድርግ? የምነግርህ በረዶ የማይፈልግ ነው፤ ቤት ውስጥም፣ ኮንክሪት ላይም ይሠራል።

የመጀመሪያውና ዋናው ከመቀበል በፊት ማየት ነው። ጥሩ አቀባይ ፑኩ እጁ ሲገባ አይደለም መፈለግ የሚጀምረው። ሳይደርሰው በፊት በትከሻው ላይ ዞር ብሎ አይቶ ጨርሷል። እኔ ልጆቼን እንዲህ ነው የማሠራቸው፦ አንዱ ኳስ ይሰጠዋል፤ ሌላው ከጀርባው ቆሞ ጣቶቹን ያነሳል። ልጁ ኳሱ ሳይደርሰው ዞር ብሎ ስንት ጣት እንደተነሳ መናገር አለበት። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። ቆይቶ ግን አንገቱ ራሱ ይዞራል። ሆኪ ላይ ይህ ከየትኛውም ስፖርት በላይ ያስፈልጋል። ግድግዳው ጋ ሄዶ ፑክ ሲቀበል ፊቱ ወደ ግድግዳ፣ ጀርባው ወደ ሜዳ ነው። ካላየ ሰው አያገኝም፤ ከዚያም የባሰ፣ የሚመጣበትን ግጭት አያየውም። ለጨዋታውም ለጤናውም ነው።

ሁለተኛው በጀርባ ይዞ መጠበቅ ነው። ቅርጫት ኳስ ለዚህ ግሩም ነው። ሦስት ለሦስት ይጫወቱ፤ ኳሱ ከቅርጫቱ ፈንጠር ብሎ እሱ ጋ ይምጣ፤ ተከላካዩን በጀርባው ይያዝ። አንድ ሕግ ይጨመር፦ ከጓደኞቹ አንዱ ሮጦ እስኪያልፈው ድረስ መምታት አይችልም። መጠበቅን የሚማረው እዚያ ነው። ያን የምልህን ጊዜ በሰውነቱ መግዛት ማለት ይህ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ከመጣ የሰፈሩን ልጆች ሰብስብና ይህን አሠራቸው፤ ለነሱም ይጠቅማቸዋል።

ሌላው ጨዋታ አያየት ነው። ከተማው ውስጥ ሊዮን ድራይሳይትል አለለት፤ ጀርመናዊ፣ 1.88 ሜትር፣ ከባድ ሰውነት። በ2019–20 ዓመት 43 ጎልና 67 አሲስት አስመዝግቦ የሊጉ ኮከብ ሆነ። በዱላው በተቃራኒ ጎን የሚሰጠው ፑክ በጣም ይደነቅለታል። ልጁ ጨዋታ ሲያይ ለተወሰነ ጊዜ ፑኩን ትቶ ድራይሳይትልን ብቻ ይመልከት። ጭንቅላቱ መቼ እንደሚዞር፣ ፑኩን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆይ፣ ተከላካዩን በየትኛው ትከሻው እንደሚይዝ።

ከአሠልጣኙ ጋር መነጋገሩ ይቀራል። ይህን እህትህ ሳትሆን ልጁ ራሱ ቢጀምረው ይሻላል፤ 14 ዓመት ነው፣ ይችላል። አገላለጹ ግን ወሳኝ ነው። «ለምን አላቀብልም?» ብሎ አይሂድ፤ ክርክር ይሆናል። «ግድግዳው ጋ ፑክ ስይዝ መጀመሪያ ማንን እንዳይ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቅ። አሠልጣኝ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለዋል። መልስ ከሰጠው ደግሞ ማቀበልን ፈቀደለት ማለት ነው። ሌላም የሚጠይቀው አለ። ተጋጣሚው በቅጣት አንድ ሰው ሲጎድልበት፣ ጎሉ ፊት ከመቆም ይልቅ ለጥቂት ጊዜ በጎን በኩል ግድግዳው አጠገብ ያለውን ቦታ እንዲሞክር ይለምን። ጨዋታው በብዛት የሚቀጣጠለው ከዚያ ነው። ጎሉ ፊት ሲመደብም ከዚያው ሆኖ ማቀበል እንደሚቻል ይወቅ፤ ሁለት ተከላካይ በሱ ተይዞ ሳለ ከጎሉ ሌላኛው ጎን ብቻውን የቆመ ጓደኛ አይጠፋም።

ለልጁ ምን ልበለው ላልከኝ፣ ደውልለትና እንዲህ በለው፦ ማቀበል መውደድህ ትክክል ነው፤ ሰውነትህ ለዚያ ይረዳሃል፤ ኢጊንላን እይ። ጉልበቱን እንዲያፍርበት አታድርገው። አንዳንድ ዘመድ ልጁን ለማጽናናት ብሎ «ግጭቱን ተው» ይለዋል። አይሆንም። ጉልበቱ ካልተፈራ ተከላካዩ አይርቅለትም፤ ተከላካዩ ካልራቀ ደግሞ ጊዜ የለም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አሠልጣኙ ካልተመለሰ ቡድን መቀየር ነው፤ ግን የውድድር ዓመቱ ይለቅ። በመሀል ጥሎ መውጣት ለጓደኞቹም ለሱም ጥሩ አይደለም። አዲስ ቡድን ሲፈልጉ እህትህ አንድ ልምምድ ሄዳ ትመልከት። አሠልጣኙ ግዙፎቹን ልጆች ሲያርም ስለ ምን እንደሚነግራቸው ትስማ። ስለ መግፋት ብቻ ከሆነ ሌላ ትፈልግ። «ማንን አየህ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ከሆነ እዚያ ታስመዝግበው።